ማያ ሙር «ሳትጨርስ ሄደች» ስለሚባለው ነገር

የልደታ ልጅ

ሰላም ለዚህ ቤት። ስለ ሴቶች ባስኬት ስናወራ የአሜሪካዊቷ ኮከብ የማያ ሙር ስም በተነሳ ቁጥር ወሬው ወዲያው አንድ ቦታ ይሄዳል። በ29 ዓመቷ አቆመች፣ ብትቀጥል ስንት ዋንጫ ትበላ ነበር፣ ያሳዝናል። ያልተጫወተቻቸው ዓመታት የተጫወተቻቸውን ዋጡብን። እስቲ ዛሬ የሠራችውን እናውራ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳንደናገር።

የተወለደችው በ1989 ሚዙሪ ግዛት፣ ጄፈርሰን ሲቲ ነው። እናቷ ብቻዋን ነው ያሳደገቻት። ሃይስኩል ጆርጂያ ውስጥ ጨርሳ በ2007 ኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ ገባች፣ አሰልጣኝ ጂኖ ኦሪየማ ጋ። እዚያ በቆየችባቸው አራት ዓመታት ቡድኗ 150 ጨዋታ አሸነፈ። የተሸነፈው 4 ብቻ ነው። በመሃል 90 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፈዋል። የ2009ን እና የ2010ን ዋንጫ ያነሱት ዓመቱን ሙሉ አንድም ጨዋታ ሳይሸነፉ ነው። እሷ 3,036 ነጥብ አስቆጥራ ተመረቀች።

በ2011 ድራፍት፣ ማለትም የአሜሪካው የሴቶች ሊግ (WNBA) ቡድኖች አዲስ ተጫዋች በተራ ሲመርጡ፣ ሚኔሶታ ሊንክስ በአንደኛ ምርጫ ወሰዳት። ሊንክስ እስከዚያ ድረስ ዋንጫ በልቶ አያውቅም። እሷ በገባች በመጀመሪያው ዓመት አትላንታ ድሪምን በፍጻሜው 3 ለ 0 አሸንፈው በሉ። ከዚያ 2013፣ 2015፣ 2017። በስምንት ዓመት ስድስት ፍጻሜ፣ አራት ዋንጫ። በ2014 የሊጉ ኮከብ። ሁለት የኦሊምፒክ ወርቅ፣ ለንደንና ሪዮ። ሁለት የዓለም ዋንጫ።

ይሄ ሁሉ ተደርጎ «ሳትጨርስ ሄደች» ሲባል ያንገበግበኛል። ምን ቀራት?

ሦስት ነጥብ

ወንድሜ፣ ማያን የሚንቅ የለም። ግን ዕድሜ ራሱ ችሎታ ነው። ዳያና ቶራሲ 20 የውድድር ዘመን ተጫውታ 10,646 ነጥብ ይዛ ነው የወጣችው። ማያ 4,984 ላይ ቆመች፣ 5,000 እንኳ አልሞላም። ቶራሲ በ42 ዓመቷ ፓሪስ ሄዳ ስድስተኛ ወርቋን ወስዳለች። ጉልበትሽ እየከዳሽ፣ ወጣቶቹ እየበለጡሽ፣ ያኔም መጫወት ሌላ ፈተና ነው። ማያ ያንን ፈተና አልተፈተነችም። ስለዚህ ከታላላቆቹ አንዷ ናት እላለሁ፣ አንደኛዋ ናት ግን አልልም።

የልደታ ልጅ

ነጥብ ብንቆጥር ልክ ነህ። ዋንጫ እንቁጠር ካልን ግን ሱ በርድ በ19 የውድድር ዘመን አራት አላት። ቶራሲ በ20ው ሦስት አላት። ማያ አራቱን በስምንት ነው የጨረሰችው።

ሲንቲያ ኩፐርንስ ምን ልትላት ነው? ሊጉ በ1997 ሲጀመር ዕድሜዋ ከ30 አልፎ ነበር። ከሂውስተን ኮሜትስ ጋር አራት ዓመት፣ አራት ዋንጫ። አራቱንም ጊዜ የፍጻሜው ኮከብ እሷ ነበረች። የሷን ታላቅነት በዓመት የሚለካ ሰው አላየሁም።

ጋሽ አሰልጣኝ

ልጆች፣ ቁጥሩን ትታችሁ ጨዋታዋን ተመልከቱ። እኔ ሰፈር ውስጥ ሴት ልጆችን አሠለጥናለሁ። የማያን ቪዲዮ የማሳያቸው ስታስቆጥር አይደለም። ኳስ ሳትይዝ የምታደርገውን ነው።

ብዙ ኮከብ ኳስ እጁ ላይ ካልቆየ አይሆንለትም። ማያ ኳስ እጇ ላይ አይቆይም። ትሮጣለች፣ ጓደኛዋ በምትሠራላት ከለላ ታልፋለች፣ ቆማ ታስመስላለች፣ ተከላካይዋ አንገቷን ዞር ባደረገች ቅጽበት ተነስታ ትሄዳለች። ኳሱ ሲደርሳት እግሯ አስቀድሞ ተስተካክሏል፣ ጉልበቷ ታጥፏል፣ ትከሻዋ ቅርጫቱን እያየ ነው። የቀራት መወርወር ብቻ ነው። ልጆቼ ኳስ ከያዙ በኋላ ነው እግራቸውን የሚፈልጉት። ልዩነቱ እዚያ ጋ ነው።

ደግሞ ቁመቷ 1 ሜትር ከ83 ነው። ለክንፍ ተጫዋች ደህና ነው እንጂ የሚያስደነግጥ አይደለም። ሪባውንድ፣ ማለትም ከቅርጫቱ የተመለሰ ኳስ፣ የምታወርደው ግን ከሷ በላይ ከሆኑት መሃል ገብታ ነው። በ2014 በአንድ ጨዋታ 48 ነጥብ አስቆጥራለች፣ አትላንታ ላይ፣ ጨዋታው ሁለት ጊዜ ተጨማሪ ሰዓት ገብቶ። በዚያ ዓመት በጨዋታ 23.9 ነበር አማካይዋ።

የሴንት ፖል እህት

እኔ የምኖረው እዚሁ ሚኔሶታ ነው። እዚህ ሀበሻ ብዙ ነው፣ ግን ስለ ስፖርት ስናወራ የወንዶቹ ፉትቦልና የአውሮፓ ኳስ ነው የሚበዛው። በእነዚያ ዓመታት ከተማዋን ዋንጫ ያስለመዳት ግን የሴቶቹ ቡድን ነው። የወንዶቹ ቲምበርዎልቭስ በዚያው አዳራሽ እየተጫወተ ዓመት በመጣ ቁጥር ይሸነፍ ነበር።

ያን ቡድን የማያ ብቻ ማድረግ ግን አልወድም። ሊንዚ ዌለን የዚሁ የሚኔሶታ ልጅ ናት፣ ሀቺንሰን ከምትባል ትንሽ ከተማ። ሲሞን ኦገስተስ ማያ ሳትመጣ ስንት የሽንፈት ዓመት የቻለች ናት። ሪቤካ ብራንሰን ሪባውንዱን፣ በ2015 መሃል ላይ የመጣችው ሲልቪያ ፋውልስ ደግሞ የቅርጫቱን ሥር። አሰልጣኟ ሼሪል ሪቭ ናት። የ2015ና የ2017 ፍጻሜ ኮከብ ማያ አይደለችም፣ ፋውልስ ናት። ማያ የ2013ን ነው የወሰደችው። ዛሬ የአምስቱም ቁጥር በክብር ታርጌት ሴንተር፣ የቡድኑ አዳራሽ ጣሪያ ላይ ተሰቅሏል። 13፣ 23፣ 32፣ 33፣ 34። አምስቱም ቋሚ ተሰላፊዎች!

ሦስት ነጥብ

አየህ የልደታ ልጅ፣ የኔንም ነጥብ እህታችን ተናገረችልኝ። እንዲህ ዓይነት ቡድን ውስጥ ብትሆን ቶራሲም በስምንት ዓመት አራት ትበላ ነበር።

የሴንት ፖል እህት

እሱን አላልኩም ወንድሜ። ቡድኑ ጎበዝ ነበር። ግን ጨዋታው ሲጠብ ኳሱ ለማን እንደሚሄድ አዳራሹ ሁሉ ያውቅ ነበር። የ2015ን ሦስተኛ የፍጻሜ ጨዋታ አይተኸው ከሆነ ልንገርህ፣ ካላየኸውም ልንገርህ።

ኢንዲያናፖሊስ ነው፣ የሰው ሜዳ። በፍጻሜው እስከዚያ አንድ ለአንድ ናቸው። ውጤቱ 77 እኩል፣ የቀረው 1.7 ሴኮንድ። ዌለን ከጎን መስመር ኳሱን ይዛለች። ማያ ወደ ቅርጫቱ የምትሄድ መስላ ተመልሳ ወደ ላይ ወጣች፣ ኳሱን ከሦስት ነጥብ መስመሩ ውጪ ተቀበለች። አንድ ሴኮንድ ከምናምን ሲቀር ማንም ሰው ኳሱ እንደደረሰው ነው የሚወረውረው። እሷ የመወርወር ምልክት አሳይታ ተከላካይዋን አየር ላይ አስነሳቻት። አንድ ጊዜ አንጥራ ወደ ጎን ሄደች፣ ከዚያ ወረወረች። ሰዓቱ አልቆ መብራቱ ሲቀላ ኳሱ ከእጇ ወጥቷል። 80 ለ 77።

በ1.7 ሴኮንድ ውስጥ ማታለል፣ ማንጠር፣ መወርወር። ሰዓቱ ጭንቅላቷ ውስጥ እየቆጠረ ካልሆነ በቀር አይቻልም። ያን ሌሊት ጩኸቴን ሰምተው ጎረቤቶቼ በር አንኳኩተዋል። ፍጻሜውን 3 ለ 2 ወሰድነው።

ጋሽ አሰልጣኝ

ያቺ ማንጠር! እኔም ሁሌ የማሳየው እሷን ነው። ተረጋግቶ መቁጠር ይሠለጠናል፣ ብዙ ሰው ግን አያሠለጥነውም።

ቤንች ላይ ነኝ

ስለ ድካሙ ያነሳ የለም። ዝርዝሩን ተመልከቱልኝ። በ2011 ኤፕሪል ላይ የኮሌጅ ጨዋታ ጨረሰች፣ በዚያው ወር ድራፍት፣ በጋውን ሙሉ ሊንክስ፣ ኦክቶበር ዋንጫ። ከዚያ ስፔን፣ ቫሌንሲያ ሄዳ በ2012 ከሮስ ካሳሬስ ጋር የአውሮፓ ሊግ ዋንጫ። ከዚያ የለንደን ኦሊምፒክ። ከዚያ እንደገና ሊንክስ። ከዚያ ቻይና፣ ሻንሺ፣ ሦስት ዓመት ሦስት ዋንጫ። በ2018 ደግሞ ሩሲያ፣ የካተሪንበርግ፣ ሌላ የአውሮፓ ሊግ ዋንጫ።

ለምን ይሄን ሁሉ ትዞራለች ካላችሁ፣ ደሞዙ ነው። በዚያን ጊዜ የአሜሪካው የሴቶች ሊግ ትልቁ ደሞዝ በዓመት 120,000 ዶላር እንኳ አይሞላም ነበር። ቶራሲን ሩሲያኖቹ ወደ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ይከፍሏት እንደነበር በወቅቱ ተዘግቧል። በ2015 የአሜሪካውን ሊግ ትታ እንድታርፍ ያደረጓትም እነሱ ናቸው። እና ማያ በ2019 «ዘንድሮ አልጫወትም» ስትል ሰውነቷ ለዓመታት አላረፈም ነበር። የ29 ዓመት ሰው ናት ትላላችሁ። የተጫወተችውን ወር ቁጠሩት፣ ከዚያ በላይ ነው።

በ2020 ነው ሊጉ አዲስ ስምምነት ፈርሞ ትልቁን ደሞዝ ወደ 215,000 ያሳደገው። ለሷ ዘግይቷል።

አዲስ ገቢ

ሰላም፣ ለዚህ ቤት አዲስ ነኝ። ለምን እንዳቆመች በግማሽ ነው የሰማሁት። እስረኛ ለማስፈታት ነው ይባላል። አንዳንዱ ደግሞ ለፍቅር ብላ ነው ይላል። የሚያውቅ ቢያስረዳኝ?

የሕግ ተማሪ

እንኳን ደህና መጣሽ። ጉዳዩን አንብቤዋለሁ፣ ልሞክር።

በጃንዋሪ 1997 ሚዙሪ ውስጥ፣ ሴንት ሉዊስ አጠገብ ኦፋለን በምትባል ከተማ፣ አንድ ሰው ቤቱ ውስጥ በጥይት ተመቶ ቆሰለ። ሰውየው ተርፏል። ጆናታን አይረንስ የሚባል የ16 ዓመት ልጅ ተያዘ። እንደ አዋቂ ተዳኘ፣ ዳኝነቱን የሰጠው ሁሉም አባላቱ ነጭ የሆኑ ሸንጎ ነው፣ 50 ዓመት ተፈረደበት። የጣት አሻራ የለም፣ ደም የለም፣ የዘረመል ማስረጃ የለም። አንድ መርማሪ «አምኖልኛል» አለ። የተቀዳ ድምፅም የተጻፈ ማስታወሻም አልቀረበም። ልጁ አላመንኩም እንዳለ ነው።

የማያ ዘመዶች እስር ቤት እየሄዱ በሚያገለግሉበት ነው ያወቁት። ማያ ያገኘችው በ2007 ነው፣ 18 ዓመቷ ሳለ፣ ኮኔቲከት ከመግባቷ በፊት። ይሄ ዓመት በደንብ ይያዝ። እነዚያን 150 ጨዋታዎች ስታሸንፍ፣ አራቱን ዋንጫ ስትበላ፣ ይህን ሰው ታውቀዋለች።

ከዶሴው ውስጥ ቆይቶ አንድ ወረቀት ተገኘ። የቤቱ በር ላይ የተነሳ የጣት አሻራ ሪፖርት ነው። አሻራው የአይረንስም የቤቱ ባለቤትም አይደለም። ይህ ሪፖርት በ1998ቱ ችሎት ለተከላካይ ጠበቃው አልተሰጠም። ዐቃቤ ሕግ ለተከሳሹ የሚጠቅም ማስረጃ ከያዘ ማሳየት ግዴታው ነው። በማርች 2020 ዳኛ ዳንኤል ግሪን ፍርዱን ሻሩት። ግዛቱ ይግባኝ ብሎ አልተሳካለትም፣ ዐቃቤ ሕግም እንደገና አልከስም አለ። ጁላይ 1 ቀን 2020 ወጣ። 23 ዓመት ታስሮ።

ስለ ፍቅሩ፣ መጋባታቸውን የተናገሩት በሴፕቴምበር 2020 ነው፣ ከወጣ በኋላ። በ2022 ወንድ ልጅ ወልደዋል። ፍቅሩ እውነት ነው። ግን ማያ ይህን ጉዳይ የያዘችው ትዳር ከመታሰቡ ብዙ ዓመት ቀድሞ ነው። «ለወንድ ብላ ጨዋታ ተወች» የሚለው አባባል የአንዲትን ሴት የዓመታት ሥራ ያሳንሳል፣ እኔ አልቀበለውም።

ሦስት ነጥብ

የሕግ ተማሪ፣ እግዜር ይስጥሽ፣ የጣት አሻራውን ነገር አላውቅም ነበር። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ፣ ከልቤ ነው። እየተጫወተች ልትረዳው አትችልም ነበር? ገንዘብ አላት፣ ስም አላት። ጠበቃ ቀጥራ እሷ መጫወት። ሌብሮንም ስንት ነገር ይሠራል፣ ይጫወታል።

የሕግ ተማሪ

ለጠበቃው ከፍላለች፣ ስሟንም አውጥታለች። ግን እንዲህ ዓይነቱ ጉዳይ በገንዘብ ብቻ አይንቀሳቀስም። ሰው በየችሎቱ መገኘት አለበት። ጋዜጠኛ እንዲመጣ፣ ዶሴው እንዲታይ፣ የረሳው ሁሉ እንዲያስታውስ የሚያደርግ ሰው መኖር አለበት። በኦክቶበር 2019 ችሎቱ ሲሰማ ማያ እዚያው ነበረች። እየተጫወተች ቢሆን ኖሮ በዚያ ወቅት ወይ ፍጻሜ ላይ ነች፣ ወይ ወደ ውጭ አገር ቡድን በአውሮፕላን እየሄደች ነው። ሌብሮን በዓመት ውስጥ የሚያርፍበት ወራት አለው። ቤንች ላይ ነኝ ከላይ እንደጻፈው፣ ለእነሱ የእረፍት ወር የሚባል ነገር አልነበረም።

የሴንት ፖል እህት

እኔ ደግሞ ወደ 2016 ልመልሳችሁ፣ ምክንያቱም ነገሩ በ2019 አልጀመረም።

ጁላይ 6 ቀን ፊላንዶ ካስቲል እዚሁ ፋልከን ሃይትስ ውስጥ በፖሊስ ተገደለ። ከቤቴ ሩቅ አይደለም። በዚያው ሳምንት ሉዊዚያና ውስጥ አልተን ስተርሊንግ ተገድሏል፣ ዳላስ ውስጥ ደግሞ አምስት ፖሊሶች ተገድለዋል። ጁላይ 9 የሊንክስ አራቱ አምበሎች፣ ማያ፣ ዌለን፣ ኦገስተስና ብራንሰን፣ ጥቁር ቲሸርት ለብሰው ጋዜጠኞች ፊት ተቀመጡ። ከፊት ለፊቱ ለውጥ ከኛ ይጀምራል፣ ፍትሕና ተጠያቂነት የሚል ነበር። ከኋላው የሁለቱ ሟቾች ስም፣ የዳላስ ፖሊስ አርማም አብሮ። የሁሉንም ሐዘን አንድ ልብስ ላይ ነው ያደረጉት። ያም ሆኖ አዳራሹን በትርፍ ሰዓታቸው የሚጠብቁ አራት ፖሊሶች ሥራ ጥለው ወጡ።

የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቹ ካፐርኒክ በብሔራዊ መዝሙር ሰዓት መቀመጡ የተሰማው በኦገስት ነው። የኛ ሴቶች ቀድመዋል። ይሄን ሲያነሳ የምሰማው ሰው ግን ጥቂት ነው፣ ይከነክነኛል።

የዚያን ዓመት ፍጻሜ በአንድ ነጥብ ተሸነፍን፣ 77 ለ 76፣ ሎስ አንጀለስ ስፓርክስ። ለአንድ ማጥቃት የሚሰጠው የመወርወሪያ ሰዓት ካለፈ በኋላ የተወረወረ ኳስ ተቆጥሮላቸው፣ ሊጉ ራሱ በማግስቱ ስህተት ነበር ብሏል። አሁንም ድረስ አልወጣልኝም። በ2017 እነዚያኑ ስፓርክስን አምስተኛው ጨዋታ ላይ መለስንላቸው።

ቤንች ላይ ነኝ

ያ የ2016 ውሳኔ አይረሳም። ለሁለቱም ቡድን ክፉ ነው፣ ስፓርክስም በንጹህ ማሸነፋቸውን ማንም አላወራላቸው።

ጋሽ አሰልጣኝ

ሦስት ነጥብ ላነሳኸው ልመልስ፣ ጥያቄህ ቀና ነው። እኔ አሰልጣኝ ነኝ፣ ተጫዋች ሲያቆም ደስ አይለኝም። ማያ በ2019 ስትወጣ ሊንክስ ምን እንደሆነ አስታውሱ። ዌለን በ2018 መጨረሻ ጫማ ሰቅላለች። ብራንሰን ተጎድታ ነበር። ያ ቡድን አልቆ ነበር። ብትቆይ አዲስ ቡድን መገንቢያ ትሆናለች እንጂ ያ የድሮው ነገር አይደገምም። ስለዚህ «አምስተኛ ዋንጫ ጠፋባት» የሚለው ሒሳብ ለኔ እርግጠኛ አይደለም።

የጠፋው ሌላ ነው። ከ30 እስከ 34 ያለው ዕድሜ ለእንደሷ ዓይነት ተጫዋች ምርጡ ነው። ጉልበቱ ትንሽ ይቀንሳል፣ ዓይን ግን ይበረታል። ያቺን ማያ እኛ አላየናትም። እሱ ያሳዝነኛል፣ አልዋሽም። ግን ለኛ ነው የሚያሳዝነው። ለሷ ማዘን ምን ሥራችን ነው? አይረንስ ከእስር ቤቱ በር ሲወጣ የሚያሳየውን ቪዲዮ ያየ ሰው ያውቀዋል። መሬት ላይ በጉልበቷ ተንበርክካ ነው ያገኘናት።

ሦስት ነጥብ

ጋሼ፣ ይሄን እቀበላለሁ። ደረጃ ስንሰጥ ግን ያላየነውን መቁጠር አንችልም፣ ለሷም ቢሆን ለቶራሲም። እኔ አሁንም ቶራሲን አንደኛ፣ ማያን ሦስተኛ ነው የማደርጋት። ሁለተኛዋ ለኔ ሊሳ ሌስሊ ናት።

የልደታ ልጅ

ሦስተኛ ካልክ ተቀራርበናል፣ ባለፈው ዓመት አሥረኛ ውስጥም አላስገባሃትም ነበር። እኔ አንደኛ ነው የማደርጋት፣ አልለወጥም።

በጃንዋሪ 2023 ጡረታዋን በይፋ ተናገረች። ሊንክስ ኦገስት 24 ቀን 2024 ቁጥሯን ሰቀለ። በ2025 ደግሞ ስፕሪንግፊልድ፣ ታላቁ የባስኬት የዝና አዳራሽ ገባች። ማን ጋር ገባች? ከሲልቪያ ፋውልስና ከሱ በርድ ጋር። አብራት የተጫወተችውና አብራት ወርቅ የወሰደችው። ስምንት ዓመት ብቻ ተጫወተች ብሎ ማንም ወደ ኋላ አላቆያትም።

የሴንት ፖል እህት

ኦገስት 24 እዚያ ነበርኩ። ጨዋታው ኢንዲያና ጋር ነበር፣ ኬትሊን ክላርክን ለማየት የመጣው ሰው ብዙ ነው። ክላርክ ራሷ የማያ አድናቂ ሆና ነው ያደገችው። አጠገቤ የነበሩ ልጃገረዶች ማያን በዓይናቸው ተጫውታ አላዩዋትም፣ እናቶቻቸው ናቸው እያለቀሱ የሚያስረዷቸው። 23ቱ ሲወጣ ዌለንም ፋውልስም ኦገስተስም ብራንሰንም አጠገቧ ቆመው ነበር።

አዲስ ገቢ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ በጣም ብዙ ተማርኩ። እኔ ትምህርት ቤት እጫወታለሁ፣ ክንፍ ነኝ። የማያን ጨዋታ ከየት ልጀምር? ሙሉ ጨዋታ ማየት ነው የምፈልገው እንጂ ተቆራርጦ የተለጠፈውን አይደለም።

ጋሽ አሰልጣኝ

ጎሽ ልጄ፣ ሙሉውን ማየትሽ ደግ አደረግሽ። መጀመሪያ የ2015 ፍጻሜ ሦስተኛ ጨዋታ። ከዚያ የ2017 ፍጻሜ አምስተኛው፣ እሱ ለተከላካይነት ይጠቅምሻል። 48 ያስቆጠረችበትን የ2014ቱን መጨረሻ ላይ እይው፣ ቀድመሽ ካየሽው ወርውሪ ወርውሪ ነው የሚልሽ።

ስታዪ ኳሱን አትከተዪ። አንድ ኳርተር ሙሉ 23 ቁጥርን ብቻ ተከተዪ፣ ኳሱ የትም ይሁን። ስንት ጊዜ ቦታ እንደቀየረችና ስንት ጊዜ ኳስ እንደደረሳት ወረቀት ላይ ጻፊው። ቁጥሩን እዚህ ለጥፊልኝ፣ የራስሽንም ጨዋታ የሚቀርጽልሽ ሰው ካለ በዚያው መንገድ ቁጠሪና አብረን እናየዋለን።